ስንዝር ቀይ አፈር

አባታችን ግቢ ሳይጠርግ እንግዳ ተቀብሎ አያውቅም። የሚመጣው ቆጣሪ አንባቢ ቢሆን እንኳ ማለዳ ተነስቶ መጥረጊያውን ያነሳል፤ ውሃ ይረጫል፤ ደጃፍ ላይ አንዲት ቅጠል ካገኘ እኔንና ታናሽ እህቴን ጠርቶ ይወቅሰናል። ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቆመበትን መሬት ነው ይላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የለም፣ መጀመሪያ የሚያየው ኮሌታ ነው ብዬ እሞግተዋለሁ። በዚህ ስንነታረክ ኖረናል። አሁን ግን እሱም አያነሳውም፣ እኔም አላነሳበትም።

ጠባዩን ያመጣው ከፋብሪካው ነው። ከአጥራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ድሮ ባትሪ ማቅለጫ ነበር። ያረጁ የመኪና ባትሪዎች በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ በመዶሻ ይፈለጣሉ፤ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፤ ውስጣቸው ያለው እርሳስ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ እንደ ጡብ እየተቀዳ ይሸጣል። አባታችን ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ ምድጃ ሥር ነው። የፋብሪካው ባለቤት እንግዳ ሊያመጣ ሲል ግን ምድጃው ይቆማል፤ ሠራተኛው ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ የመንገዱ ዳር ድንጋይ በኖራ ይለቀለቃል፤ ሳሙና የሚታደለውም ያን ቀን ነው። እንግዶቹ በግቢው ንጽሕና ሲደነቁ ባለቤቱ «ኧረ ምንም አላደረግንም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» ይላቸዋል። አባታችን ይህን ሲተርክልን ፊቱ ይበራል። ጨዋ ሰው ለእንግዳ ለፋሁ ብሎ እንግዳውን አያሳቅቅም እያለ ነው ያሳደገን።

ባለቤቱ ሥራው ሲከስርበት ማሽኑን ሸጠ፤ ጣሪያውን ከነሚስማሩ ነቅሎ ወሰደ፤ የት እንደገባም የሚያውቅ የለም። መሬቱን ብቻ ትቶልን ሄደ፤ ምን የመሰለ ደግ ሰው። አጥሩ ቀስ በቀስ ፈረሰና ሜዳው የሰፈሩ ልጆች መፈንጫ ሆነ። የእህቴ ልጅ ዳዴ ማለት የጀመረችው እዚያ ነው።

ልጅቷን ሚጢጢ እንላታለን። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነበር፤ ገና ጡት ሳትጥል መኪና ተገልብጦበት ሞተ። እናትና ልጅ እኛ ቤት ገቡ፤ ሚጢጢም በአያቷ ጉልበት ላይ አደገች። እሱ መጥረጊያ ሲያነሳ እሷም አንድ ጭራሮ ታነሳለች። እሱ ሲያስል እሷም ታስላለች። እህቴ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ማለዳ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ተነስንሶባት ትመለሳለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ጠብቃ ያንን ዱቄት በእጇ ታራግፍላታለች።

ከዚያ ሆዴን ማለት አመጣች። ፊቷ ነጣ፤ የምታውቃቸው ቃላት ይጠፏት ጀመር። ትናንት «መቀስ» ያለችውን ዛሬ እያየችው ዝም ትላለች። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ እርሳስ አለበት አለ። ጎረቤታችን አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን የደብተር እርሳሶች ሰብስበው ሽንት ቤት ጨመሯቸው፤ እኛም ሳንወድ ሳቅን። ሳቁ ግን አልሰነበተም፤ የእሳቸውም ልጅ፣ የማዶዎቹም ልጆች ሲመረመሩ ደማቸው ያው ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነልንም። መድኃኒት አለ፤ ተመልሳ እዚያው አፈር ላይ ከተቀመጠች ግን በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው አለ። ወይ አፈሩ ይነሳ፣ ወይ ልጅቷ ትነሳ። እስከዚያው እህቴ የልጅቷን እጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታጥብ እኔ መቁጠር ትቻለሁ። «መሬት አትንኪ» የሚለው የቤታችን ሰላምታ ሆነ። እንዳንሸሽ ያ ቤት ብቻ ነው ያለን፤ ወሬው ከተሰማ ወዲህ በነጻ ብንሰጠው የሚወስደው የለም። የእኔ መርፌና የእሷ ዳቦ ተደምረው ሌላ ቤት አያከራዩም።

አንድ በር ብቻ ክፍት ነበር፤ እሱም የማይወደድ በር። የእህቴ አማት ሩቅ ከተማ ይኖራሉ። የልጄን ልጅ ስጡኝ፣ አሳድጋታለሁ ብለው ላኩ። ምራታቸውን አልጠሩም። በልጃቸው ለቅሶ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱን መንገድ ላይ ያዋለው የቤቱ ጭቅጭቅ ነው ብለው እህቴን አይተው ተናግረዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያ ቃል ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ተገትሮ ቀርቷል። እህቴ ልጇን ለእኚህ ሴት ከመስጠት እጇን ብትቆርጥ ይቀላታል።

መንግሥት የተበከለ መሬት የሚያጸዳበት ገንዘብ መድቧል ሲባል ሰፈራችን ውስጥ የመጨረሻ ያመንኩት እኔ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ መስፊያዬ ላይ አቀረቀርኩ። ነገሩን ያመጡት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። እኛ ቤት ተቀምጠው አስረዱን። ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ቦታዎች ይወዳደራሉ። ባለሙያዎች መጥተው የልጅ እጅ የሚደርስበትን አፈር፣ አንድ ስንዝር ያህል ዘልቀው ለምርመራ ይወስዳሉ። መርዙ የበዛበትና ለመኖሪያ ቤት የቀረበው ይቀድማል። ያሸነፈው መሬት መርዙ ተቆፍሮ ይወጣለታል፤ አዲስ አፈር ይለብሳል፤ ከዚያም መናፈሻ ይሠራበታል። ማን ይበልጥ ቆሻሻ ነው የሚል ውድድር ከሆነ እንግዲህ ይህንንስ አናጣውም አልኩ። ዳይሬክተሩ አልሳቁም። እህቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መተንፈስ ጀመረች። ለአማቷም መልስ ላከች፦ ገንዘቡ ከተፈቀደ ልጄ እዚሁ እናቷ ጋ ታድጋለች፤ ካልተፈቀደ ትወስዷታላችሁ።

ባለሙያዎቹ የሚመጡበት ቀን ሲነገር ዳይሬክተሩ ሰፈር አልነበሩም። የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አባታችን ግን ነበር፤ ከቀኑም በላይ አንድ ቃል ሰማ፦ እንግዳ ይመጣል።

ሜዳውን ዞሮ አየው። የባትሪ ቅርፊት ተዝረክርኳል፤ ላስቲክ፣ ጨርቅ፣ የሞተ ድመት። ከመንግሥት ቤት የሚመጣ ሰው ይህን ያያል ብሎ አፈረ። ብቻውን ቢያፍር ባልከፋ፤ ሰፈሩን ሁሉ አሳፈረው። ከሕንፃ መሠረት የሚወጣ አፈር የሚያመላልስ ጎረቤት አለን፤ ሩቅ ወስዶ ከሚደፋው እኛ ሜዳ ላይ እንዲደፋው ለመነው። ቆሻሻው ተለቀመ። ቀይ አፈር፣ ከመሬት ሆድ የወጣ ንጹሕ አፈር፣ እየመጣ ተቆለለ። ወንዱ በአካፋ፣ ሴቱ በመቧጠጫና በመጥረጊያ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አለበሱት። ስንዝር ቢሆን ነው ውፍረቱ።

አንድ ሰው ተጠራጥሮ ነበር፤ አፈሩን ያመጣው ሾፌር ራሱ። ሊመረምሩት የሚመጡትን መሬት ስንሸፍነው አይበላሽም ወይ ብሎ ጠየቀ። አባታችን የመለሰለትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አመነ። ሐኪም ጋ ስትሄድ ገላህን ታጥበህ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰህ አይደለም ወይ የምትሄደው? አለው። ታጠብክ ብሎ በሽታህን ያጣዋል? የደምን ነገር ከሚጢጢ ሕመም ወዲህ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለመሬትም ከሽፋኑ በታች የሚያይ የዚያ ዓይነት መሣሪያ ያላቸው መሰለን፤ ስንዝር ያህል መባሉን ያስታወሰ አልነበረም። ማታ ከመስፊያ ሱቄ ስመለስ ሜዳው ቀልቶ፣ ተስተካክሎ አየሁት። እህቴ ልጇን ታቅፋ ዳር ቆማለች። ያማረ ነገር አላየሁም ከዚያ ወዲህ።

በማግስቱ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ቧንቧ የመሰለ ነገር ይዘው መጡ። ዳይሬክተሩ ያን ጠዋት ከሆስፒታል ወጥተው ነበር፤ ግን ሁለት ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ በሰው እጅ ተይዘው ነው ንግግር ያደረጉት። እኔ ውሃ በትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ሴትየዋ ሜዳውን በዓይኗ ዞረችው።

«ያምራል» አለች። «በቅርቡ ያደረጋችሁበት ነገር አለ?»

አባታችን ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ እንደዚያ ቀን በርቶ አላየሁትም።

«ኧረ ምንም አላደረግንም» አላት። «ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

ከኋላው የቆመው ሰፈር ሁሉ አንገቱን በትሕትና ሰበር አደረገ። ያን ሁሉ የለፋ ሕዝብ፣ መዳፉ ውኃ የቋጠረ ሕዝብ፣ አንድም ሰው ለፋሁ አላለም። ጨዋነታችንን አየችልን ብለን ተደሰትን። ሴትየዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ ባልደረባዋ ቧንቧውን እዚህም እዚያም ወጋ፤ አፈሩን በከረጢት በከረጢት አድርገው ሄዱ። ልጆቹ መኪናቸውን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙት።

ውጤቱን ያመጡት ዳይሬክተሩ ናቸው። ፋሻው ተነስቶላቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ገና ቀልቷል። ከመቀመጣቸው በፊት አልተሳካም አሉ። የቀደመን ከወንዙ ማዶ ያለው የድሮ ቀለም ፋብሪካ ነው። እህቴ ዱቄቷን ሳታራግፍ ቆማ ስንተኛ እንደወጣን ጠየቀች።

«ከውድድሩ ነው የወጣነው» አሉ። «መሬታችሁ ንጹሕ ነው ተባልን።»

ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ሄደው ተከራክረዋል፤ የልጆቹን የሐኪም ማስረጃ አሳይተዋል። እዚያ ያሉት ግን የልጆቹ ደም ከየትም ሊሆን ይችላል፣ ከቀለም፣ ከቧንቧ፤ አፈሩ ግን ይኸው ብለው ቀይ አፈር አሳዩዋቸው። እኔ አላየሁትም፣ ዓይኔ ታስሮ ነበር አሉ ዳይሬክተሩ። የቢሮው ሰዎች የነካችሁት ነገር አለ ወይ ብለን ጠይቀን የለም ብለውናል ነው የሚሉት አሉ። ይህን ሲናገሩ ወደ መሬት ያዩ ነበር። እኛም ሁላችን ወደ መሬት አየን፤ አባታችንን ላለማየት።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ አባታችን።

እኔ ብሆን ቤቱን በጩኸት አናውጠው ነበር። እህቴ ግን አልጮኸችም። ወደ ውጭ ወጥታ የሚጢጢን ልብስ ከገመዱ ላይ አንድ በአንድ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ያልደረቀውንም አጠፈችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ነው ሰፈሩ መንቃት የጀመረው፤ አንዱ ሾፌሩን፣ ሌላው ዳይሬክተሩን፣ የቀረው የመንግሥትን ሰዎች ሲወቅስ ዋለ። አባታችንን የወቀሰ የለም። ያ ደግሞ ባሰበት።

በማግስቱ ማለዳ አካፋ ሲነካካ ሰማሁ። ቀዩን አፈር ሊገፈው ወጥቷል። የታችኛው ጥቁሩ ከታየ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያያሉ አለኝ። አንድ ሁለት ሲዝቅ አቧራው ተነሳ፤ ሚጢጢም እንደልማዷ አያቷ ሥራ ሲጀምር ልታግዝ ጭራሮዋን ይዛ ስትሮጥ መጣች። እህቴ በባዶ እግሯ ደርሳ ከመካከላቸው ቆመች።

«ልጄ እዚህ እያለች አንድ አካፋ እንዳታነሳ» አለችው። «አሁን ያላት መሸፈኛ እሱ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነበር። ያ ስንዝር ቀይ አፈር ልጆቹን ከመርዙ ትንሽ ይጋርዳል፤ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ። መጋረጃው ካለ ገንዘቡ አይመጣም፤ ገንዘቡ እንዲመጣ መርዙ መውጣት አለበት። አባታችን አካፋውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ገባ። ምሳውን አልበላም። እራቱንም።

አማትየዋ ራሳቸው በአውቶቡስ መጡ። ለልጅቷ አዲስ ጫማ ይዘዋል፤ ለእናቷ ሰላምታ እንኳ ቆጥበው ነው የሰጧት። ክፉ ሴት ናቸው ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን ጫማውን ሲያጠልቁላት ክሩን ትተው ዓይን ዓይኗን ሲያዩ አይቻለሁ። የልጃቸውን ዓይን ነው የሚያዩት፣ ምን ያድርጉ። ሚጢጢ አውቶቡሱ ውስጥ ሆና ሜዳው ሲጸዳ እመለሳለሁ አይደል ብላ ጠየቀች። እህቴ አዎ አለቻት። ያን ቀን ዳቦ ቤት አልገባችም። በማግስቱ ገባች፤ ስትመለስ ደጁ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ዱቄቱን ራሷ አራገፈች።

አባታችን አካፋውን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌሩ መኪናውን አምጥቶለት ቀዩን አፈር ጭነው አወጡት። የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ቤት ዘግቶ አቧራውን እየዋጠ አገዘው፤ እኔም መስፊያዬን ትቼ ገባሁ። ዳይሬክተሩ አቤቱታ አስገቡ። ዙሩ አልፏል ተባሉ፤ ለሚቀጥለው ጠብቁ። ጠበቅን። በሚቀጥለው ዙር ሌሎች ባለሙያዎች መጡ። አባታችን ማንም መጥረጊያ እንዳይነካ አስጠንቅቆ ነበር፤ የእኛም ግቢ ያን ቀን ከነቅጠሉ ዋለ። ባለሙያው ምንም አልጠየቀውም። እሱ ግን ተከትሎት እየሄደ አሲዱ የት ይደፋ እንደነበር፣ ምድጃው የት እንደነበር፣ ያ ቀይ አፈር እንዴት እንደመጣ ሁሉንም ነገረው። ሰውዬው ጨዋ ነበርና እያዳመጠ ቧንቧውን ወጋ። ውጤቱ ሲመጣ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አንደኛ ወጣን። በሰፈራችን እንደዚያ ቀን ድል አድርገን አናውቅም፤ ግን እልል ያለ ሰው አልሰማሁም።

ቁፋሮው የተጀመረው ገንዘቡ ከተፈቀደ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ነጭ የለበሱ፣ አፋቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጡ። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግንበትን መሬት እነሱ በጓንት ነው የነኩት። ጥቁሩ አፈር በሸራ ተሸፍኖ ወጣ፤ አዲስ አፈር ገባ፤ ሣር ተተከለ፤ ዥዋዥዌ ቆመ። አባታችን በየቀኑ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል። ሲያልቅ ለእህቴ «በይ እንግዲህ ላኪባት» አላት።

እህቴ በዚህ መካከል ልጇን ለማየት ወደዚያ ሩቅ ከተማ ትሄድ ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ ፈቃድ ስታገኝ። ከተመለሰች በኋላ ምን እንዳየች ስጠይቃት ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ ትምህርቷን ይዛለች ትለኛለች። ደሟ ጠርቷል። ጠፍተዋት የነበሩት ቃላት ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹን የአማትየዋን አነጋገር ይዛ ነው የምትናገራቸው። እህቴ ግን ይመጣል ብላ የምትጠብቀው አንድ ቀን ነበር፦ ሜዳው ጸድቶ ልጅቷ የምትመለስበት። አማትየዋ ለትምህርት ቤት ዕረፍት ይዣት እመጣለሁ አሉ። መጥታ ትየው፣ ከዚያ የልጅቷን ልብ እንጠይቃለን አሉ። እህቴ አልጋዋን አስተካከለች። እኔ አዲስ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ልኳን በግምት።

የሚመጡበት ቀን ማለዳ የመጥረጊያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ ነገር ወዲህ አባታችን ግቢ ጠርጎ አያውቅም፤ እኔ ነበርኩ የምጠርገው። ውሃ ረጭቷል፤ ቅጠል ለቅሟል፤ የደጃፉን ድንጋይ ሁሉ አጥቦታል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ለማን ነው አባዬ?» አለችው።

«እንግዳ ይመጣል» አለ። ብሎ ከተናገረ በኋላ መጥረጊያው እጁ ላይ ቆመ። እህቴ ወደ ውስጥ ገባች።

ሚጢጢ ረዝማለች። የሰፋሁት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀረ። አያቷን ስማ፣ እኔን ስማ፣ እናቷንም ስማ፣ ሁላችንንም እኩል ስማ ገባች። አባታችን ሳያስቀምጣት እጇን ይዞ ወደ ሜዳው ወሰዳት፤ ሁላችንም ተከተልን። ጎንበስ ብሎ ከሣሩ ሥር አንድ ጭብጥ አፈር አነሳና ንኪው፣ አሁን ንጹሕ ነው አላት። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ሁለት እጆቿን ግን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ያስተማርናት እኛው ነን፤ ጥሩ አድርገን ነው ያስተማርናት። አባታችን አፈሩን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ዥዋዥዌው ላይ አልወጣችም።

ቤት ተመልሰን ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ አማትየዋ አጠገብ ተቀመጠች። ውሃ ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ። ትንሽ ቆይታ ወደ አማትየዋ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው፤ እኛ ግን ሰማናት። ወደ ቤት የምንሄደው መቼ ነው አለች። አማትየዋ እንኳ ቀና ብለው እህቴን ማየት አቃታቸው።

ልጅቷ ቀና ብላ እንደ እንግዳ ደንብ ለቤቱ ባለቤቶች የሚባል ነገር ፈለገች።

«ግቢያችሁ በጣም ንጹሕ ነው፣ አባባ» አለች።

አባታችን አፉን ከፈተ። ያቺ የድሮ መልስ ምላሱ ላይ ደርሳ ስትቆም አየሁ። ዋጣት።

«ጠርጌው ነው» አለ። «ትመጫለሽ ብዬ ከማለዳ ጀምሮ ስለፋ ነው የዋልኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሚጢጢ፣ ሰው ቤት ሲኬድ እንደሚባለው። እህቴ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤ ገና ያልተጠጣውንም ጭምር አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።